የጓሮ ጥያቄ፦ ኦኩን አንገቱ ድረስ ማን ቀበረው?

ባለፈው ወር ስለ ጽጌረዳ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ስለ ጽጌረዳ የጻፈልኝ አንድ ሰው የለም። ደብዳቤዎቹ ሁሉ ስለ ኦክ ዛፍ ናቸው። አልገረመኝም። ጥቅምት ነው፣ ፍሬው መኪና ጣሪያ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ሰውን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስበት ወር። ቨርጂኒያ ውስጥ ችግኝ መሸጫ መሥራት ከጀመርኩ 17 ዓመቴ ነው። በየጥቅምቱ ያገሬ ሰው የኦክ ቅጠል በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ ይመጣና «ይቺ ምንድን ናት?» ይለኛል።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበልና ወደ ጥያቄው እንግባ። ኦክ አማርኛ ስም የለውም ማለት ይቻላል። መጽሐፍ ቅዱሳችን እግዚአብሔር ለአብርሃም የተገለጠለትን ቦታ «የመምሬ አድባር ዛፍ» ይለዋል። ዕብራይስጡን የተረጎሙ ብዙዎች ዛፉን ኦክ ይሉታል። እኔም አድባር ብዬ ብጠራው ደስ ባለኝ። ግን ችግኝ መሸጫ ገብታችሁ «አድባር አለ?» ብትሉ ከእኔ በቀር የሚገባው የለም። ስለዚህ ኦክ እንበለው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

*«ሰላም እህታችን። አምና ቤት ገዛን። ፊት ለፊቱ ባዶ ሣር ነው። ኦክ ልትከል ብል ባለቤቴ ‹ሥሩ የቤቱን መሠረት ይሰነጥቀዋል፣ ደግሞስ ጥላውን ሳናይ እንሞታለን› አለችኝ። ቶሎ የሚያድግ አለ? ከቤቱስ ምን ያህል ይራቅ? በመንገዱ በኩል የመብራት ሽቦ ያልፋል።»*

ከሽቦው ልጀምር። ከሽቦ ሥር ኦክ አይተከልም። ሲያድግ 60፣ 80 ጫማ የሚደርስ ዛፍ ነው። የመብራት ኃይል ሠራተኞች በየጊዜው እየመጡ መሐሉን ይፈለፍሉትና «ቪ» ፊደል አስመስለውት ይሄዳሉ። ግቢው ውስጥ ከሽቦውም ከቤቱም የራቀ ቦታ ከሌለ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኦክ አይትከሉ። ትንሽ ዛፍ ይትከሉ።

ከቤቱ ቢያንስ 20 ጫማ ይራቅ ይባላል። እኔ 30 እላለሁ። ሰው የሚተክለው ችግኙን እያየ ነው። የጣት ውፍረት ያላት ነገር መስኮት ሥር ታምራለች። 20 ዓመት ቆይታ ግን ጣሪያው ላይ ትተኛለች።

ስለ መሠረቱ ባለቤትዎ ግማሽ እውነት አላቸው። የኦክ ሥር አብዛኛው የሚኖረው ከላይ ባለው አንድ ጫማ ተኩል አፈር ውስጥ ነው፣ ወደ ጎን ደግሞ ከቅርንጫፉ አልፎ ይሄዳል። ደህና የሆነ ኮንክሪት ሰብሮ አይገባም። የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም ግድግዳ ካገኘ ግን ውሃውን ተከትሎ ይገባል። በቨርጂኒያዋ ፌርፋክስ ምሥራቃዊ ክፍል ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ እናንተ ጋ ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሸማቀቅ ሸክላ አፈር አለ። እዚያ ርቀቱን ጨምሩ።

አሁን ዓይነቱ። ቅጠሉን እጅዎ ላይ ያድርጉት። ጫፎቹ እንደ ጣት ዱልዱም ከሆኑ የነጭ ኦክ ዘመድ ነው። ሹል ሆነው ጫፋቸው ላይ ፀጉር የመሰለች እሾህ ካለች የቀይ ኦክ ዘመድ ነው። ቀዩ ፈጣን ነው። የተስማማው መሬት ላይ በዓመት ሁለት ጫማ ያድጋል። ነጩ ቀስ ይላል። ዊሎ ኦክ የሚባለውን ዲሲ መንገድ ላይ ሁልጊዜ ያዩታል፣ ቅጠሉ ቀጭን ስለሆነ ኦክ መሆኑን የሚጠረጥር የለም። እሱም ከቀዮቹ ወገን ነው፣ ፈጣን ነው፣ የከተማ አፈር አያስመርረውም።

ፒን ኦክ ርካሽ ስለሆነ ሰው ይገዛዋል። እኔ ለወዳጄ አልሸጠውም። የታች ቅርንጫፎቹ ወደ መሬት ይወርዳሉ፣ ሣር ሲያጭዱ ፊት ይመታሉ። ኮንክሪት ባለበት አካባቢ ደግሞ ኖራው አፈሩን ይለውጥበትና ብረት ማግኘት ያቅተዋል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል። ቀዮቹን ሁሉ የሚይዝ ሌላም ጣጣ አለ፣ በዚህ አገር በጋ መጨረሻ፣ በነሐሴ ገደማ፣ ቅጠሉን ከጠርዙ ጀምሮ የሚያቃጥል የባክቴሪያ በሽታ። የሚያድነው መድኃኒት የለም። በዓመት በዓመት እየከፋ ይሄዳል።

ስለዚህ እኔ ብሆን? ነጭ ኦክ። የሜሪላንድ የግዛት ዛፍ እሱ ነው። ዋይ ሚልስ የሚባል ቦታ 460 ዓመት ገደማ የሚገመት ነጭ ኦክ ነበር። ሰኔ 6 ቀን 2002 በፈረንጆቹ ነጎድጓድ ጣለው። እኔ አሜሪካ የመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው፣ አልደረስኩበትም። ለባለቤትዎ ይንገሩልኝ፣ ሳያዩት ስለመሞት ከሆነ ያንን ዛፍ የተከለው ሰው የለም፣ ወፍ ወይም ስኩዊረል የምትባለው ጭራዋ ጎፈር ያለ፣ ፍሬ የምትቀብር ትንሽ እንስሳ ናት የጣለችው። እናንተ ደግሞ ችግኙ አምስት ጫማ ሆኖ ነው የምትገዙት። በ10 ዓመት ከሥሩ ወንበር ዘርግታችሁ ቡና ትጠጣላችሁ። ጥላው ጀበናውንና ሁለት ሰው ይሸፍናል፣ እሱ ምን አነሰ?

የእርስዎ ካውንቲ «ትሪ ሞንትጎመሪ» የሚባል ፕሮግራም አለው። የጥላ ዛፍ በነፃ ይሰጣል፣ መጥቶም ይተክላል። መጀመሪያ እዚያ ይሞክሩ። በራሳችሁ የምትተክሉ ከሆነ ሳትቆፍሩ በፊት 811 ደውሉ። መጥተው የጋዝና የመብራት መስመሩን በቀለም ያሰምሩላችኋል። ገንዘብ አይጠይቁም።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

*«እትዬ፣ ለልጄ ክርስትና ቀን ያስተከልኩት ሬድ ኦክ ሦስት ዓመቱ ነው። አላድግ አለኝ። ዘንድሮ ጫፉ ደረቀ። ውሃ አልነፈግኩትም፣ መልችም በየዓመቱ እጨምርለታለሁ። ምን በደልኩት? አንቺ በይኝ፣ ልጅሽ ነኝ።»*

ፎቶውን ሳየው ነገሩ ገባኝ፣ ግን እርግጠኛ ለመሆን ፈለግሁ። ቅዳሜ መንገዴ በእናንተ በኩል ስለነበር መጣሁ። ለቡናው አመሰግናለሁ፣ ቆሎውም አሪፍ ነበር። ያየነውን ለሌሎች አንባቢዎች ልንገራቸው።

ዛፉ ሥር የመልች፣ ማለት አፈር ላይ የሚለበስ የተፈጨ እንጨትና ቅርፊት፣ ክምር ነበር። ጉልበቴ ይደርሳል። ከሩቅ ሲታይ ጠጅ ሣር የተጎዘጎዘለት ሙሽራ ይመስላል። ይህንን ፈረንጆቹም የእሳተ ገሞራ ክምር ይሉታል፣ ሰፈራችሁ በሙሉ እንደዚያ ነው። ሁሉም ከጎረቤቱ ይቀዳል። ተንበርክኬ በእጄ ማውጣት ጀመርኩ። ላይ ላዩ ደረቅ ነው። አንድ ስንዝር ስገባ እርጥብ ሆነ፣ ሸተተኝ፣ እንደ አሮጌ ጆንያ። ቅርፊቱን በጥፍሬ ነካ አደረግሁት። ልስልስ ብሏል።

መልቹ አለቀ፣ አፈር መጣ። ግንዱ ግን አሁንም እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም። ዛፍ መሬት ሲነካ መስፋት አለበት፣ የዝሆን እግር እንደሚሰፋ። ቀጥ ብሎ መሬት ውስጥ ከገባ አንገቱ ድረስ ተቀብሯል ማለት ነው። ሾርባ ማንኪያ አምጪልኝ አልኩሽ፣ ሳቅሽብኝ። አካፋ ግን ሥር ይቆርጣል። በማንኪያ እየጫርን አራት ኢንች ወረድን። እዚያ ጋ ግንዱ ሰፋ። እዚያው ላይ ደግሞ ጣቴን የምታህል ሥር ግንዱን እንደ መቀነት ዞራው ተገኘች። ዛፉ በወፈረ ቁጥር እሷ ታንቀዋለች። ጫፉ የደረቀው ለዚህ ነው።

ሥሯ ከፕላስቲክ ማሰሮው ነው የመጣችው። ችግኝ ማሰሮ ውስጥ ሲከርም ሥሩ መሄጃ ያጣና ይዞራል። የተከሉልሽ ሰዎች ማሰሮውን አወጡና ሥሩን ሳይፈቱ፣ ጉድጓዱንም አጥልቀው ከተቱት። አራት ኢንች ብቻ ነው፣ ግን አራት ኢንች ይገድላል። ሥር አየር ይፈልጋል። ቅርፊት ደግሞ አፈር ውስጥ ለመኖር አልተፈጠረም፣ ይበሰብሳል።

እነሱን ብቻ ልውቀስ ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። የመጀመሪያ ኦኬን እኔም እንዲሁ ነው የቀበርኩት። ወሎ፣ ሐይቅ ነው ያደግሁት። አያቴ ችግኝ ሲተክሉ «እግሩን አሙቅለት» ይሉ ነበር፣ እኔ ያንን ይዤ አፈሩን ቆለልኩበት። ሰባት ዓመት ቆይቶ ሞተ። ነቅዬ ሳየው ሥሩ እንደ ገመድ ተጠምጥሞበታል። አያቴ የሚሉት ስለ ጌሾ ይሁን ስለ ቡና አሁን አላስታውስም። ስለ ኦክ ግን አልነበረም።

መሮ ይዤ ተመልሼ በታኅሣሥ፣ ዛፉ ሲተኛ፣ ያቺን ሥር ሁለት ቦታ ቆርጠን እናወጣታለን። እስከዚያ አንገቱ ክፍት ይሁን። አፈሩን መልሰሽ እንዳትሞይው! ዙሪያው እንደ ሳህን ጎድጎድ ብሎ ይቆይ። መልች ሁለት ወይም ሦስት ኢንች ብቻ፣ ከግንዱ አራት ጣት አርቀሽ። ሽሮ ወጥ ሳህን ላይ እንደሚዘረጋ ይዘርጋ፣ እንደ ገንፎ አይቆለል። የደረቀውን ጫፍ ያኔውኑ እንገርዛለን። ኦክ በሚያዝያ፣ በግንቦትና በሰኔ አይገረዝም። ትኩስ ቁስል ጥንዚዛ ይጠራል፣ ጥንዚዛዋ ደግሞ ኦክን የሚያጠወልግ ፈንገስ ልትይዝ ትችላለች።

ይተርፋል ወይ አልሽኝ። ልጅሽ በሁለት እጇ አቅፋው ስትጠይቀኝ «አዎ» አልኩ። ላንቺ ግን ልንገርሽ፣ ሥሯ ገና ቅርፊቱን አልበላችም፣ የቅርንጫፎቹም ቡቃያ ወፍራም ነው። ተስፋ አለው።

ለምትተክሉ ሁሉ፦ ጉድጓዱ ሥሩ ከነአፈሩ ካለው ስፋት ሁለት ሦስት እጥፍ ይስፋ፣ ግን አይጥለቅ። የግንዱ መስፊያ ከመሬት ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይበል። በጆንያና በሽቦ ቅርጫት ተጠቅልሎ ከመጣ የላይኛውን ሽቦና ጆንያ ቆርጣችሁ ጣሉ። የሚዞር ሥር ካለ በቢላ ሰንጥቁት፣ አትራሩለት። ጊዜው? «በልግ» ብል የወሎ ሰው ስለ የካቲት ዝናብ ያስባል፣ ስለዚህ በወር ልንገራችሁ። ማሰሮ ውስጥ ያለውን አሁን፣ በጥቅምትና በኅዳር። በጆንያ የመጣ ትልቅ ኦክ ከሆነ መጋቢትን ጠብቁ። ውሃው ለአንድ ኢንች የግንድ ውፍረት በሳምንት 10 ጋሎን፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋ። እኔ የቀለም ባልዲ በምስማር እበሳና ሥሩ አስቀምጣለሁ። እያንጠባጠበ ሲጠጣ ያድራል። የሣር ማጠጫው ይበቃዋል የምትሉ፣ አይበቃውም።

ከዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ

*«ልጆቼ የተከሉት ኦክ አምና ጥር ላይ ቅጠሉ ደርቆ፣ ቡናማ ሆኖ አልረግፍ አለ። የሌላው ዛፍ ሁሉ ረግፏል። የሞተ መስሎኝ ላስቆርጠው ስል በሚያዝያ አረንጓዴ አወጣ። ዘንድሮም እንዲያ ቢያደርግ ምን ልሁን?»*

እማማ፣ ምንም አይሁኑ። ወጣት ኦክ እንዲያ ነው። አሮጌ ልብሱን አዲስ እስኪገዙለት አያወልቅም። ከጠረጠሩ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ በጥፍርዎ ይፋቁ። ከሥሩ አረንጓዴ ካለ በሕይወት አለ።

ከብራይትዉድ፣ ዋሽንግተን ዲሲ

*«ጓሮዬ ውስጥ በጣም ትልቅ ዊሎ ኦክ አለ። ከሰሞኑ ንፋስ በኋላ ፒክአፕ ይዘው የሚዞሩ ሰዎች አንኳኩና ‹ቤትህ ላይ ይወድቃል፣ አናቱን በ900 ዶላር እንቁረጥልህ› አሉኝ። ላስቆርጠው?»*

በር አንኳኩቶ ዛፍ ልቁረጥ ያለ ሰው ጋር ቡና መጠጣት ይቻላል። ዛፍ ግን አይሰጡትም።

አናቱ የተቆረጠ ኦክ አደጋው አይቀንስም፣ ይብሳል። ከተቆረጠበት ጋ እንደ መጥረጊያ ብዙ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያወጣል። እነዚያ ቆዳው ላይ ብቻ የተለጠፉ ናቸው፣ ዋናው እንጨት ግን ከሥራቸው ይበሰብሳል። ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ የሚወድቁት እነሱ ናቸው።

ሌላው፣ ዲሲ ነው ያሉት። ሜትር ይያዙና ከመሬት አራት ጫማ ተኩል ከፍ ብለው ግንዱን ዙሪያውን ይለኩት። 44 ኢንች ከደረሰ ያለ ከተማው ፈቃድ አይቆረጥም። 100 ኢንች ከደረሰ ደግሞ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ጭራሹን አይቆረጥም። ቅጣቱ የሚመጣው ለእርስዎ ነው፣ ፒክአፑ ያኔ የለም።

ፍርሃትዎን ግን አላቃልልም። የዛፍ ባለሙያ ፈቃድ ያለው ሰው ጠርተው ያሳዩ። የኢንሹራንስ ወረቀቱን ይጠይቁት፣ የማያሳይ ከሆነ ይሸኙት። እስኪመጣ ራስዎም ይመልከቱ፦ ግንዱ ሥር እንደ መደርደሪያ የበቀለ እንጉዳይ አለ? በአንድ ወገን መሬቱ ተሰንጥቆ ከፍ ብሏል? ንፋሱ ከመጣ በኋላ ዘንበል ብሏል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ይደውሉ። ከሌለ የደረቁ ቅርንጫፎችን ብቻ ያስለቅሙለት።

ከአዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ

*«ችግኝ ጣቢያ ‹ሲልኪ ኦክ› ብለው ሸጡልኝ። እውነት ኦክ ነው? ካልሆነ ወንድሜ ከሜሪላንድ ፍሬውን በሻንጣ ይዞልኝ ይምጣ?»*

የገዛሽው ግራቪሊያ ነው። የመጣው ከአውስትራሊያ ነው፣ ከኦክ ጋር ዝምድና የለውም። እንጨቱ ሲፈለጥ ኦክ ስለሚመስል ነው ስሙን ያገኘው። የቡና ጥላ ሆኖ አገራችን ውስጥ ያገለግላል፣ መጥፎ ዛፍ አይደለም። ግን አልሸወዱሽም ማለት አልችልም።

ወንድምሽ ፍሬ በሻንጣ አያምጣ። የዘር ማስገቢያ ፈቃድና የጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፣ ያለ ምክንያት አይደለም። ከፍሬው ጋር ትል ይመጣል። ደግሞም የሜሪላንድ ኦክ ክረምቱን በበረዶ ተኝቶ ማሳለፍ የለመደ ዛፍ ነው። ሲኤምሲ ላይ መቼ እንደሚተኛ ግራ ይገባዋል።

አንቺ እኮ ዝግባ አለሽ! ወይራ አለሽ፣ የሐበሻ ጽድ አለሽ፣ ኮሶ አለሽ። እኔ እዚህ በ17 ዓመት ውስጥ ስንት ቀን ዝግባ ናፍቆኛል መሰለሽ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ሲኬድ ያለው ጥላ እስካሁን ቆዳዬ ላይ አለ። ግቢሽ ጠባብ ከሆነ ወይራ ትከዪ። ቀስ ይላል፣ ድርቅ ይችላል፣ የገረዝሽውን ቅርንጫፍ ደግሞ ለጠላ ጋን ታጥኚበታለሽ። ይህንን የሚሰጥ ኦክ የለም።

ከሄርንደን፣ ቨርጂኒያ

*«ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤቱ ሜዳ የኦክ ፍሬ ለቅሞ አፈር ውስጥ ቀበረ። በማግሥቱ ስኩዊረል ሁሉንም አወጣችበት። አለቀሰ። እባክሽ ለእሱ መልሺለት።»*

የኔ ጌታ፣ አታልቅስ። እኔም ላይ ሠርታብኛለች። አሁን እንበልጣታለን።

እንደገና ልቀም። ባልዲ ውሃ ሙላና ፍሬዎቹን ጣልባቸው። የሚንሳፈፉት ውስጣቸው ትል በልቶታል ወይም ደርቀዋል። የሰመጡትን ያዝ። ከየትኛው ዛፍ እንደለቀምክ ቅጠሉን እይ። ዱልዱም ጫፍ ያለው ከሆነ ዛሬውኑ ትተክለዋለህ፣ ምክንያቱም የነጭ ኦክ ፍሬ እንደወደቀ ነው ሥር የሚያወጣው። ስኩዊረል ይህንን ታውቃለች። የነጩን ፍሬ ስታገኝ ጫፉን በጥርሷ ነክሳ እንዳይበቅል ታደርገውና ነው የምትቀብረው። ሹል ቅጠል ያለው ከሆነ እርጥብ አፈር ያለበት ከረጢት ውስጥ ጨምረህ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ይተኛ። ለእማዬ ንገራት፣ ወጥ መስሏት እንዳትጥለው።

ማሰሮው ረጅም ይሁን፣ ምክንያቱም የኦክ ሥር መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይሄዳል፣ ቅጠሉ ይደርሳል። የሁለት ሊትር ውሃ ጠርሙስ አናቱን ቆርጠህ፣ ታቹን በስተህ ትጠቀማለህ። ፍሬውን በጎኑ አስተኛው፣ ከላዩ አንድ ኢንች አፈር። ከዚያ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ የዶሮ ሽቦ ከላይ እጠፍና በድንጋይ ያዘው። ውጪ ይክረም።

የተንሳፈፉትን አትጣላቸው። ከሽቦው ራቅ አድርገህ ለስኩዊረሏ አስቀምጥላት።